ክሪስ ክሮስን ማን አታለለው? «ስካርሌት ስትሪት»ን ለነቀፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ስካርሌት ስትሪት» ስለተባለው የ1945 ፊልም የተጻፈ ረዘም ያለ ሒስ አነበብኩ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር እንዳዩት ያስታውቃል፤ አዘጋጁን ፍሪትስ ላንግንና ሦስቱን ዋና ተዋንያን፣ ኤድዋርድ ሮቢንሰንን፣ ጆአን ቤኔትንና ዳን ዱርያን በሚገባ አስተዋውቀዋል። የደረሱበት ፍርድ ግን ፊልሙን ገልብጦ የሚያስነብብ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለት አልቻልኩም። ያነሷቸውን ነጥቦች እየጠቀስኩ መልስ እሰጣለሁ።

ፊልሙን ላላዩ አንባብያን ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ክሪስቶፈር ክሮስ በኒው ዮርክ በአንድ ድርጅት 25 ዓመት በገንዘብ ያዥነት ያገለገለ፣ እሑድ እሑድ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተዘግቶ ሥዕል የሚሥል፣ አዴል ከተባለች ጨቅጫቃ ሚስቱ ጋር የሚኖር ሰው ነው። አንድ ዝናባማ ሌሊት መንገድ ላይ ስትደበደብ ያገኛትን ኪቲ ማርችን ያስጥላል፤ ወዲያውም በፍቅሯ ይነደፋል። ኪቲና ደብዳቢ ወዳጅዋ ጆኒ ፕሪንስ ታዋቂ ሠዓሊ መስሏቸው ገንዘቡን ይመጠምጡታል። እርሱም ለእርሷ ሲል ከሚስቱ ይሰርቃል፤ ከአሠሪው ካዝና ያወጣል፤ ቤት ይከራይላታል። ሥዕሎቹ በኪቲ ስም እየተሸጡ ዝና ያገኛሉ። በመጨረሻ እውነቱን ሲሰማ ይገድላታል፤ በዚያ ግድያ ተከሶ በኤሌክትሪክ ወንበር የሚሞተው ግን ጆኒ ነው።

የጸሐፊው ዋና ክስ ያረፈው በኪቲ ላይ ነው። እንደ እርሳቸው አገላለጽ ፊልሙ አንዲት ልብ የሌላት ሴት አንድን የዋህ ሰው እንዴት እንዳጠፋችው የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የክሪስ ፍቅር ንጹሕ ነበር፣ ያረከሰችው እርሷ ናት። ይህን ለመቀበል የፊልሙን የመጀመሪያ ደቂቃዎች መርሳት ያስፈልጋል። ኪቲ ገና ሳትታይ፣ ድርጅቱ ለክሪስ ክብር ባዘጋጀው እራት ላይ፣ አሠሪው ሆጋርት የ25 ዓመት ታማኝ አገልግሎቱ የተቀረጸበት የወርቅ ሰዓት ይሸልመዋል። እኔ ለረጅም ጊዜ በሒሳብ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ የሽልማት ምሽት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ተሸላሚው ሊናገር ሲነሣ ቃል የሚያጥረው፣ እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጠፋው፣ ሮቢንሰን እንደተጫወተው ነው። ሆጋርት ግን ቶሎ ተሰናብቶ ይወጣል፤ ሠራተኞቹ በመስኮት ተሻምተው ሲመለከቱ አለቃቸው አንዲት ወጣት ወደምትጠብቅበት መኪና ሲገባ ያያሉ። ከዚያ ክሪስ ከባልደረባው ጋር በአንድ ጃንጥላ ተጠልሎ በዝናቡ ውስጥ ሲሄድ፣ በወጣት ሴት መወደድ ምን ይመስል ይሆን እያለ ሐሳቡን ያወጣል።

ይህን ሲል ኪቲ የምትባል ሴት በዓለም ላይ መኖሯን አያውቅም። ምኞቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጎደለው ፊት ብቻ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በመንገድ መብራት ሥር ያገኛት ሴት ለዚያ ባዶ ቦታ ፊት ሆነችለት።

ቀጥሎ ያለውን የመጠጥ ቤት ትዕይንት ጸሐፊው በአንድ መስመር አልፈውታል፤ እኔ የፊልሙ መሠረት የተጣለው እዚያ ነው እላለሁ። ኪቲ ተዋናይ ነኝ ትለዋለች። የእርሱን ሥራ ስትገምት ሠዓሊ ሳትሆን አትቀርም ስትለው አያስተባብልም። «ገንዘብ ያዥ ነኝ» የምትል አጭር ዐረፍተ ነገር ሁሉንም ነገር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ባስቆመችው ነበር፤ ክሪስ ግን አላወጣትም። ሚስት እንዳለውም የሚነግራት በሌላ ቀን ነው። ኪቲ የተጠጋችው ሀብታም መስሏት ነው፤ ሀብታም የመሰላት ደግሞ እርሱ እንዲመስላት ስለፈቀደ ነው። የሁለቱ ሐሰት በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተወለደ፤ ኪቲና ጆኒ በኋላ የሸረቡት ተንኮል ሁሉ ክሪስ በጣለው በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ይህን ስል ኪቲን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ሐሰቷ ከእርሱ ሐሰት የከፋና የጨከነ ነው። ነገር ግን የክሪስን ፍቅር ንጹሕ ለማለት ቢያንስ የሚወድዳትን ሴት አይቷት መሆን ነበረበት። ምስሏን ልሣልሽ ብሎ ሲለምናት የጥፍር ቀለም ሰጥታው እግሯን የምትዘረጋለትን ትዕይንት ጸሐፊው ያስታውሱ። ሠዓሊው ተንበርክኮ በዚያች ቀጭን ብሩሽ የእግሯን ጣቶች ጥፍር አንድ በአንድ ይቀባል፤ እርሷም ታላላቅ የጥበብ ሥራዎች እንደሚሆኑ ትነግረዋለች። በቃሏ ውስጥ ያለውን ንቀት የማይሰማው እርሱ ብቻ ነው። ከዚህ የሚብሰው በመጨረሻው ሌሊት የሚሆነው ነው። ሞቷል የተባለው የሚስቱ የቀድሞ ባል በሕይወት ተገኝቶ ክሪስ ከጋብቻው ነጻ ሲወጣ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ኪቲ ይሄዳል፤ ከጆኒ ጋር ተቃቅፋም በዓይኑ ያያታል። ተጭሮ አንድ ቃል ላይ የተቀረቀረው የሸክላ ሙዚቃ ያንኑ የፍቅር ቃል እየደጋገመ ይጮኻል። ክሪስ ይወጣል፤ ይጠጣል፤ ተመልሶ ይመጣና እንጋባ ይላታል። ፊቷን ሸሽጋ ስትንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎት ያባብላታል። ትስቅ ነበር። በዓይኑ ካየው ነገር ይልቅ በልቡ የሣለውን ያመነ ሰው ነው፤ የሳቋ ድምፅ ያንን የልቡን ሥዕል ሲቀድደው ነው የበረዶ መውጊያውን ወስፌ ያነሣው።

ኪቲ ልብ የላትም ለሚለው ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ልብ አላት፤ ያለው ግን ጆኒ ዘንድ ነው። በጥፊ ይመታታል፣ ያገኘችውን ይወስድባታል፣ ጓደኛዋ ሚሊ ብትመክራትም አትሰማም፤ ይህንኑ ፍቅር ብላ ትጠራዋለች። ክሪስ ለኪቲ የሆነውን ኪቲ ለጆኒ ሆናለች፤ ጆኒ ደግሞ ከገንዘብ በቀር የሚወድደው የለም። ላንግ ያሳየን አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ የቆመበትን የአፍቃሪዎች ሰልፍ ነው፤ ከሰልፉ መካከል አንዷን መዝዞ ጥፋቱን ሁሉ በእርሷ ላይ መጫን ፊልሙ ያልሰጠውን ፍርድ መስጠት ይሆናል።

ጸሐፊው በሁለተኛ ደረጃ ያነሱት የሥዕሎቹን ጉዳይ ነው። ሥዕሎቹ የልጅ ሥራ ይመስላሉ፣ ስለዚህ በኒው ዮርክ ሐያስያን ዘንድ ተወዳጅ መሆናቸው አይታመንም፣ ይህ ክፍል ታሪኩን ያጓትተዋል ይላሉ። ስለ ሥዕሎቹ ዋጋ ብዙ መከራከር አልፈልግም። ለፊልሙ የሣላቸው በሆሊውድ የታወቀው ሠዓሊ ጆን ዴከር ነው፤ የቅርቡንና የሩቁን ልክ አለመጠበቃቸውም ሆን ተብሎ የተደረገና በፊልሙ ውስጥ በግልጽ የሚነገር ነው፤ ክሪስ ራሱ ማንም ሥዕል እንዳላስተማረውና ነገሮችን ሲያይ በሚሰማው ስሜት ዙሪያ መስመር እንደሚያሰምር ይናገራል። (ሮቢንሰን በእውነተኛ ሕይወቱ ሴዛንን ጨምሮ የታላላቅ ሠዓልያንን ሥራዎች የሰበሰበ ሰው ነበር፤ ብሩሹን የሚይዝበት አክብሮት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።)

«ያጓትተዋል» የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበልም፤ የፊልሙ የጀርባ አጥንት ያለው በዚህ ክፍል ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ጆኒ ሥዕሎቹን መንገድ ላይ ለሚሸጥ ሰው ይሰጣቸዋል፤ ጄንዌይ የተባለው ሐያሲ አይቶ ይማረካል፤ ሠዓሊው ማን እንደሆነ ፈልጎ ሲመጣ ጆኒ ኪቲ ናት ይለዋል። ኪቲ ስለ ሥዕል የምታውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ክሪስ ስለ ሥዕል ሲያወጋት የሰማችውን፣ ያኔ ሰልችቷት ያዳመጠችውን ቃል መልሳ ትናገራለች፤ ሐያሲውም በጥልቀቷ ይደነቃል። የክሪስ ቃል ተሰሚነት ያገኘው ከኪቲ አፍ ሲወጣ ነው። ቀጥሎ አዴል ሥዕሎቹን በነጋዴው ዴላሮው መስታወት ውስጥ ታይና ወደ ቤት መጥታ፣ ቢላዋ በእጁ እንደያዘ የቆመውን ባሏን የኪቲ ማርችን ሥራ እየገለበጥክ ኖረሃል ብላ ታዋርደዋለች። የገዛ ሥራውን በመስረቅ የተከሰሰ ሰው ምን ያደርጋል? ክሪስ ወደ ኪቲ ይሮጣል። እርሷ ገንዘብ ቸግሮኝ ነው ብላ ስትናዘዝ ተመልካች ቁጣ ይጠብቃል፤ እርሱ ግን ይፈነድቃል። በእኔ ስም ቢሆን ኖሮ ማን ይገዛው ነበር ይላል። እንደ ጋብቻ ይቆጥረዋል፤ ልዩነቱ ባልየው የሚስቲቱን ስም መውሰዱ ብቻ ነው።

«ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» እየተባለልን ላደግን ሰዎች ይህ ትዕይንት ከግድያው ይልቅ የሚያስደነግጥ ነው። ክሪስ አስቀድሞ ታማኝነቱን ሰጥቷል፤ ገንዘብ ሰጥቷል፤ አሁን ስሙን ሰጠ፤ ስሙን የሰጠው ደግሞ ማንም ሳያስገድደው በደስታ ነው። ከዚያ የኪቲን ምስል ይሥላል፤ የሥዕሉም ርዕስ «የራስ ምስል» ይሆናል። ርዕሱ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ገዢዎቹ የሚያነቡት ነው፤ ሠዓሊቷ ኪቲ ማርች ራሷን ሣለች። ወርቁን የምናውቀው እኛ ነን፤ ክሪስ ራሱን ሲሥል ሸራው ላይ የሚወጣው የእርሷ ፊት ነው፣ እርሱ በሥዕሉ ውስጥ የለም። ይህን ክፍል ከፊልሙ ብናወጣው የሚቀረን ያታለለችውን ሴት የገደለ ሰው ታሪክ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ በየጋዜጣው እናነባለን።

ይህ ነጥብ ሦስተኛውን ትችት አብሮ ይመልሳል። ጸሐፊው ፊልሙ የፈረንሳዊው የዣን ሬኗር የ1931 ፊልም፣ የ«ላ ሺየን» ደካማ ግልባጭ ነው ብለዋል። ሁለቱም ከአንድ ልብ ወለድ፣ ከጆርጅ ደ ላ ፉሻርዲየር ሥራ መነሣታቸው እውነት ነው፤ ብዙ ትዕይንቶችም ይመሳሰላሉ። ነገር ግን በሬኗር ፊልም መጨረሻ ተሽጦ በመኪና የሚወሰደው የሠዓሊው የራሱ ፊት የተሣለበት ሥዕል ነው፤ ሚሼል ሲሞን የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ለማኝ ሆኖ፣ ሥዕሉን ልብ ሳይል፣ ከጓደኛው ጋር እየሳቀ ይሄዳል። ላንግና የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ደድሊ ኒኮልስ በሥዕሉ ላይ ያለውን ፊት ለወጡት። በፈረንሳዩ ፊልም ሰውየው ከስሙና ከሥራው ተገላግሎ ነጻ ይወጣል፤ በአሜሪካኑ ፊልም ስሙን የሰጣት ሴት እስከ መጨረሻው ትከተለዋለች። የመነሻው ታሪክ አንድ ነው፤ የደረሱበት ግን ለየቅል ነው። እኔ ሬኗርን አከብራለሁ፤ በሞንማርትር መንገዶች ላይ የቀረጸው የከተማ ሕይወት ላንግ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ካሠራው ጎዳና ይልቅ ይተነፍሳል። ላንግ ግን እስትንፋስ አልፈለገም፤ በረንዳው፣ ደረጃው፣ የመንገድ መብራቱ ሁሉ ሰውየውን የሚዘጋ ሣጥን እንዲሆን ነው የፈለገው።

ምስሉ ደብዛዛና ጨለማ ነው የሚለው ወቀሳ የፊልሙ ጥፋት አይደለም። የፊልሙ የባለቤትነት መብት ሳይታደስ በመቅረቱ ማንም እያባዛ ስለሚያሰራጨው ገበያውን የሞሉት የተጎሳቆሉ ቅጂዎች ናቸው። ጸሐፊው በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከተጠበቀው ኔጋቲቭ የተሠራውን ቅጂ ቢያገኙ የፊልሙ ካሜራ ባለሙያ ሚልተን ክራስነር ጥላን ከጥላ እንዴት እንደለየው ያያሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ነፍሰ ገዳዩ ከሕግ አምልጦ ንጹሕ ሰው በሞት የሚቀጣበት ፊልም ነውር ነውና የኒው ዮርክ ግዛት ሳንሱር በጃንዋሪ 1946 ማገዱ ትክክል ነበር ይላሉ። የሚልዋኪና የአትላንታ ከተሞችም አግደውት እንደነበር እጨምርላቸዋለሁ፤ ኒው ዮርክ ላይ ከግድያው ትዕይንት ጥቂት ተቆርጦ ከሳምንታት በኋላ መታየቱንም እንዲሁ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሆሊውድ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳያልፍ የሚያዝ የራሱ ደንብ ነበረው፤ ያን ደንብ በጥብቅ ያስፈጽም የነበረው የጆሴፍ ብሪን ቢሮ ይህን ፊልም አሳልፎታል። በእርግጥስ ክሪስ ሳይቀጣ አመለጠ ማለት ይቻላል? ቃየንም አልተሰቀለም። በምድር ላይ ተቅበዝባዥ እንዲሆን ተፈረደበት እንጂ፤ እንዳይገደልም ምልክት ተደረገለት። ያንን ፍርድ ቀላል ነው ያለ አንባቢ አላውቅም።

የፍርድ ቤቱን ትዕይንት ደግሞ ልብ ማለት ይገባል። ምስክሮች አንድ በአንድ በአጫጭር ቁርጥራጭ ይቀርባሉ። አዴል ባሏ የኪቲን ሥዕል ይገለብጥ እንደነበር ትመሰክራለች፤ ከልቧ ታምናለች። የሥዕል ሰዎቹም ሠዓሊቷ ኪቲ መሆኗን ያምናሉ። ጆኒ ይደበድባት እንደነበር የሚነገረው እውነት ነው። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ሐቀኛ ቃላት ተደማምረው አንድ ትልቅ ሐሰት ይሠራሉ። ሥዕሎቹ የክሪስ ናቸው፣ እኔ አልገደልኳትም ብሎ የሚጮኸው በሕይወቱ ሙሉ ሲዋሽ የኖረው ጆኒ ነው፤ እውነት የተናገረ ዕለት የሚያምነው አጣ። አውቆ በሐሰት የመሰከረው ክሪስ ነው፤ ያም ሐሰት ሥዕል መሣል አልችልም የሚል ነው። ገዳይነቱን ለመሸሸግ ሠዓሊነቱን ካደ። ሳንሱር ነውር ብሎ ያየው ይህን ከሆነ፣ ነውሩን በዚህ ግልጽነት ያሳየ ፊልም ማገድ መስታወት እንደ መስበር ነው።

ክሪስ ጆኒ ወደሚገደልበት ወደ ሲንግ ሲንግ እስር ቤት በሚሄደው ባቡር ላይ አንድ ጋዜጠኛ በሰው ልብ ውስጥ ዳኛውም ቅጣት አስፈጻሚውም ያሉበት ትንሽ ችሎት እንዳለ ይነግረዋል። ይህ ንግግር ለእኔም ትንሽ በዝቶብኛል፤ ለሳንሱር ሰዎች ተብሎ የገባ ይመስላል። ቀጥሎ የሚመጣው የሆቴል ክፍል ግን ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። የውጭው ማስታወቂያ መብራት ቦግ እልም እያለ ግድግዳውን ይመታል። ጨለማ በሆነ ቁጥር የኪቲ ድምፅ ጆኒን ሲጠራ፣ የጆኒም ሲመልስላት ይሰማል። ክሪስ የሚሰማው የክስ ድምፅ ሳይሆን የፍቅር ሹክሹክታ ነው፤ ሁለቱን በመግደሉ ለዘላለም እንዳገናኛቸው ይነግሩታል። ቅናቱ ከእነርሱ ጋር አልተቀበረም። ራሱን ሊሰቅል ይሞክራል፤ ያድኑታል። መሞት እንኳ ተከለከለ።

ጸሐፊው በመጨረሻ ፊልሙ በጆኒ መገደል ላይ ማብቃት ነበረበት፣ የቀረው ትርፍ ነው ብለዋል። እዚህ ላይ ነው ከሁሉ በላይ የማልስማማው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ክሪስ ቤት አልባ ሆኖ መናፈሻ ውስጥ በወንበር ላይ ሲያድር ፖሊሶች ያስነሡታል፤ በየጊዜው እየመጣ ገድያለሁ እያለ እጁን ሊሰጥ እንደሚሞክር፣ ማንም እንደማያምነው ሲነጋገሩ እንሰማለን። ስሙን አንድ ጊዜ ስለሰጠ ወንጀሉን እንኳ የእኔ ነው ብሎ ማስመለስ አልቻለም። ጊዜው የገና በዓል ነው፤ መዝሙር ይሰማል። በዴላሮው የሥዕል መደብር በር በኩል ሲያልፍ ሠራተኞች የኪቲን ምስል ተሸክመው ይወጣሉ፤ የገዛችው ሴት 10,000 ዶላር ከፍላበታለች። ክሪስ ፊት ለፊት ያየዋል፤ ከዚያም መንገዱን ይቀጥላል። በእግረኛው መንገድ ላይ ይተላለፍ የነበረው ሰው ሁሉ ከምስሉ ላይ እየጠፋ ይሄዳል፤ ሰፊው ጎዳና ባዶ ይሆናል፤ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ አንድ ሽማግሌና ከየት እንደሚመጣ የማይታይ የኪቲ ድምፅ ብቻ ይቀራሉ፤ ድምፁም የሚጠራው ጆኒን ነው።